የተኛውን ፀጉር መቀስቀስ

[ሳሎን። ቀትር። ታናሽየው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሙያው ግድግዳ መለሰን ነው፤ የራሱ ራስም ገና አሁን የተለሰነ ይመስል ያብለጨልጫል፤ ሙልጭ ያለ መላጣ ነው። ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው። የሱቁን ነጭ ጋዎን እንደለበሰ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ጠመኔ ይዞ ከኋላው ቆሟል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ደጋግሞ ይዳብሰዋል። በጓዳው በር ጀርባ አሮጊት እናታቸው ጋደም ብለዋል።]

ታላቅየው፦ ቀላል ጥያቄ ነው የጠየቅኩህ። ግንባርህ የት ጋ ነው የሚያልቀው?

ታናሽየው፦ አያልቅም፣ ጋሼ።

ታላቅየው፦ የማያልቅ ግንባር የለም።

ታናሽየው፦ የኔ እስከ ማጅራቴ ይሄዳል። ፊቴን ስታጠብ ዝም ብዬ ነው የምቀጥለው። ድንበር የለውም።

ታላቅየው፦ እኔ ድንበር በሌለው ነገር ላይ መቀስ አላነሳም!

ታናሽየው፦ መቀስ? የሚቆረጥ ምን አለኝና?

ታላቅየው፦ አነጋገር ነው! የሙያ አነጋገር! በል ቅንድብህን ወደ ላይ ስቀል። እንደተገረመ ሰው።

ታናሽየው፦ [ይሰቅላል] ይኸው።

ታላቅየው፦ እስከተጨማደደበት ድረስ ያለው ግንባር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ራስ ይባላል። [በጠመኔ እየተከተለ] ተጨማደደ... አሁንም ተጨማደደ... አንተ! እስከ አናትህ ነው እንዴ የሚጨማደደው?

ታናሽየው፦ በጣም ስለተገረምኩ ነው።

ታላቅየው፦ ትንሽ ብቻ ተገረም!

ታናሽየው፦ [ቅንድቡን ዝቅ ያደርጋል] ይበቃል?

ታላቅየው፦ ይበቃል። [ያሰምራል] ይኸው። ከዚህ መስመር ወደ ፊት ፊትህ ነው፤ ከዚህ ወደ ኋላ የኔ ሥራ ነው።

ታናሽየው፦ ጠመኔው ግን ለምን አስፈለገ?

ታላቅየው፦ ሳይነድፍ የሚሰፋ ሰው ሰፊ አይባልም።

ታናሽየው፦ ልትሰፋኝ ነው?

ታላቅየው፦ ልወጋህ ነው!

ታናሽየው፦ [ብድግ ይላል] ሰፍተኸኝ ብቻ ብትተወኝስ?

ታላቅየው፦ ተቀመጥ! አንተው አይደለህ እንዴ የደወልክልኝ? «ጋሼ፣ እንደ ምንም ብለህ ፀጉሬን መልስልኝ» ብለህ ያለቀስክ?

ታናሽየው፦ አላለቀስኩም። ኖራ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ታላቅየው፦ በስልክ?

ታናሽየው፦ ኖራው እኔ ጋ ነበራ።

ታላቅየው፦ [በርጩማው ላይ መልሶ እየተጫነው] ስማ። እኔ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምን ጉዳይ የሚለበስ ነው?» ብዬ ነው። ለሠርግ ነው? ለለቅሶ ነው? ያንተ ፀጉር ለምንድነው?

ታናሽየው፦ ታውቀዋለህ እኮ። ለእማዬ ነው።

ታላቅየው፦ ዛሬም እንደዚያው ናት?

ታናሽየው፦ ብሶባታል። ስገባ ከአልጋዋ ብድግ ትላለች። «መጡ እንዴ?» ትለኛለች። እኔን! እርስዎ ብላ!

ታላቅየው፦ አባዬ መስለሃታል።

ታናሽየው፦ ምን መምሰል ብቻ! ሆኛለሁ እንጂ። ይሄ መላጣ ነው ጉዱ። በዚያ ላይ ኖራ ለብሼ ስገባ ሽበቱም ይሟላል። ትናንት በር ላይ ጠብቃ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ከርመው ነው? እኔ እኮ ሞተዋል ብለውኝ ጥቁር ለብሻለሁ» ብላ ጮኸችብኝ።

ታላቅየው፦ ምን አልካት?

ታናሽየው፦ ምን እላለሁ? ይቅርታ ጠየቅኩ። «መኪና አጥቼ ነው» አልኩ።

ታላቅየው፦ ከመቃብር?

ታናሽየው፦ ደንግጬ ሌላ ሰበብ አልመጣልኝም። እሷም አመነችኝ። «መንገዱ መቼም ሩቅ ነው» አለች።

ታላቅየው፦ [ይስቃል፤ ወዲያው ይተወዋል]

ታናሽየው፦ ቁጣውንስ እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላውን ነው። ስትረጋጋ እጄን ይዛ ስለ ልጆቹ ታወራኛለች። «ያ ጨጓሬዎ ዛሬም ራቱን ሳይበላ ተኛ፤ ይቆጡልኝ» ትለኛለች። ጨጓሬ እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ! እኔን ለኔ ታማኛለች!

ታላቅየው፦ ጨጓሬ! ስሙን ረስቼው። ፀጉርህ እንደ ጨጓሬ ትል ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆሞ...

ታናሽየው፦ ማበጠሪያ ይሰብር ነበር። እሷ ብቻ ናት እንዲያ የምትጠራኝ። በሰፈር ልጅ አፍ ስድብ ነበር፤ በሷ አፍ ግን... [ፎጣውን ያስተካክላል] አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ጨጓሬ» ብላ ትጥራኝ። ከዚያ ወዲያ ሟቹም ልሁን፣ ግድ የለኝም።

ታላቅየው፦ ይኸውልህ፣ ነገሩ ሁሉ ፀጉር ነው። እኔን ተመልከት። [ፀጉሩን ይዳብሳል] አንድ ቀን ተሳስታብኝ አታውቅም። ገና በሩን ስከፍት ትለየኛለች። ብድግ ብላ፣ «ይግቡ፣ ጌታዬ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበሩን በቀሚሷ ትጠርግልኛለች።

ታናሽየው፦ ልጇን «ጌታዬ»?

ታላቅየው፦ የበኩር ልጅ ነኛ! ለበኩር የሚሰጥ ክብር ነው። አንተ አይገባህም፤ ሁለተኛ ነህ።

ታናሽየው፦ ታዲያ አንተ ከታወቅክ ለኔ መላጣ ምን አደከመህ?

ታላቅየው፦ አብረን እንድንገባ ነዋ። አንድ ቀን ሁለታችንን አይታ «ልጆቼ መጡ» እንድትል። አሁንማ አንተ አባቴ ሆነሃል። ስቆጣህ እንኳ ቅር እያለኝ ነው።

ታናሽየው፦ [ከኪሱ ትንሽ ካርቶን ያወጣል] በል እንግዲያው ይኸው። ከመዋቢያ ሱቅ የገዛኋት ናት። እጀታዋን ይዘህ ራስ ላይ ታንከባልላታለህ፤ መርፌዎቹ ይወጋሉ፤ ፀጉሩ ይበቅላል። ሻጯ እንዲህ ነው ያለችኝ።

ታላቅየው፦ [ወደ መስኮቱ አንስቶ ያያል] መርፌው የታለ?

ታናሽየው፦ ያ የሚያብረቀርቀው።

ታላቅየው፦ ይሄ? ይሄ መርፌ ሳይሆን አቧራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ ያደርኩትን ሰው መርፌ ልታሳየኝ ነው? ካርቶኑ ላይ ምን ይላል... [ከዓይኑ አርቆ፣ አቅርቦ፣ እንደገና አርቆ ያነባል] «ዜሮ ነጥብ አምስት»። እህ! ግማሽ ሳንቲም ማለት ነው።

ታናሽየው፦ ግማሽ ሳንቲም ብቻ? ሴትየዋ ግን ጉድ አድርጋኛለች!

ታላቅየው፦ የገንዘብ ሳንቲም አይደለም፣ የሜትር ሳንቲም!

ታናሽየው፦ ሜትርም በሳንቲም ይከፈላል?

ታላቅየው፦ አዎ፣ ይከፈላል። በመቶ ሳንቲም ይከፈላል።

ታናሽየው፦ ለማን?

ታላቅየው፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል] ተወው። ግማሽ ሳንቲም ይገባል ማለት ነው።

ታናሽየው፦ ማን ኪስ?

ታላቅየው፦ ራስህ ውስጥ!

ታናሽየው፦ [የወንድሙን ሜትር ጫፍ ስቦ ይለካል] ጋሼ... ይሄ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ያክላል። አንጎሌን አያገኘውም?

ታላቅየው፦ ያንተን? ክንድ ሙሉ ቢገባም ፈልጎ ያጣዋል።

ታናሽየው፦ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ «ሚሜ» ይላል።

ታላቅየው፦ እሱ የፋብሪካው ስም ነው።

ታናሽየው፦ እህ።

ታላቅየው፦ ለማንኛውም ይቺ ግማሽ ሳንቲም የላትም፤ አጭበርብረውሃል። ጠርጥሬ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ። [ከጋዎኑ ኪስ እጀታ ያለው ትንሽ የብረት ጎማ ያወጣል፤ ዙሪያው በሙሉ የሾለ ጥርስ ነው] ንድፍ ከወረቀት ወደ ጨርቅ የማሻግርባት ናት። አሠራሯ አንድ ነው፤ ይቺ ግን የወንድ ናት።

ታናሽየው፦ ጋሼ፣ ይቺ የብስክሌት ጥርስ ናት!

ታላቅየው፦ አትፍራ። ከጀርም የጸዳች ናት። ዛሬ ጠዋት አፍልቻታለሁ።

ታናሽየው፦ ለብቻዋ?

ታላቅየው፦ ከእንቁላል ጋር።

ታናሽየው፦ ለምን ከእንቁላል ጋር?

ታላቅየው፦ ሁለት ምድጃ ለምን ይለኮሳል? ውሃው እንደሁ ያው ውሃ ነው።

ታናሽየው፦ እንቁላሉስ?

ታላቅየው፦ በላሁት። ትንሽ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። በል አንገትህን ደፋ አድርግ፣ መጀመሪያ ላጥናው። [የታናሹን የራስ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይስባል] ጥሩ ነው። ወፍራም ነው። ቶሎ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም።

ታናሽየው፦ ጋሼ፣ ራሴ ነው እኮ።

ታላቅየው፦ ገበሩ ብቻ ትንሽ ለቋል። አሁን ንገረኝ፤ እኔ ከፋይ ጨርቅ ስሰፋ መጀመሪያ የማየው ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ ነው። ያንተ ፀጉር የት ነበር የሚተኛው?

ታናሽየው፦ ትራሴ ላይ። ጠዋት ስነሳ እዚያ ነበር የማገኘው።

ታላቅየው፦ አቅጣጫውን ነው የጠየቅኩህ!

ታናሽየው፦ ወደ ግድግዳው በኩል።

ታላቅየው፦ [ራሱን ይነቀንቃል] አባዬ ሞቶ ካንተ ዳነ። ቆይ... ያቺ ከወንበሩ ሥር ያለችው ከረጢት ምንድን ናት?

ታናሽየው፦ የሚተከለው ነዋ።

ታላቅየው፦ ምን የሚተከለው?

ታናሽየው፦ ፀጉሩ። [ከረጢቱን ይከፍታል] ከፀጉር አስተካካዩ ለምኜ ያመጣሁት ነው፤ ከወለሉ የተጠረገ። ጥቁር አለ፣ ገብስማ አለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባም አለ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለበት።

ታላቅየው፦ እና ምን ልታደርገው ነው?

ታናሽየው፦ ጋሼ ደግሞ! ግድግዳ እኮ ሙልጭ ካለ ልስን አይዝም። መጀመሪያ በመዶሻ ትወቅረዋለህ፣ ትበሳሳዋለህ፣ ከዚያ ምርጉን ትመታበታለህ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። መርፌ ስትለኝ ወዲያው ነው የገባኝ። አንተ ትበሳለህ፣ እኔ ከኋላ ከኋላህ እየረጨሁ በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ።

ታላቅየው፦ ፀጉር አይለጠፍም! ከውስጥ ነው የሚበቅለው!

ታናሽየው፦ ታዲያ ቀዳዳው ለምንድነው?

ታላቅየው፦ ለማስደንገጥ! አንብቤያለሁ። ፀጉርህ አልሞተም፤ ሥሩ ተኝቷል። ቆዳው ሲወጋ «ምን መጣ?» ብሎ ይደነግጣል፣ ደም እየሮጠ ይመጣል፣ በዚያ ግርግር የተኛው ይነቃል።

ታናሽየው፦ ሞቶስ ከሆነ?

ታላቅየው፦ ተኝቷል አልኩህ።

ታናሽየው፦ ስለ አባዬም በዚያን ሰሞን «ተኝቷል» ነበር ያልከኝ።

ታላቅየው፦ ያኔ ልጅ ነበርክ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?

ታናሽየው፦ እንዳይነቃ ብዬ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ነው የከረምኩት።

ታላቅየው፦ በል በል፣ ከረጢቱን እሰርና ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። [ጎማዋን የታናሹ ራስ ላይ ያሳርፋል] መጀመሪያ በቀስታ ነው የምሄደው። ምን ይሰማሃል?

ታናሽየው፦ ዝንብ።

ታላቅየው፦ አሁንስ?

ታናሽየው፦ ጉንዳን።

ታላቅየው፦ ጎበዝ። እንዲያ እያልክ ቀጥል። [እያንጎራጎረ ያንከባልላል፤ ቀስ በቀስ ራሱን ይረሳል] ከትከሻው ወረድ ብሎ... በብብቱ ዞሮ... እዚህ ጋ ሰፋ ይልና...

ታናሽየው፦ ጋሼ፣ ራሴ ላይ ብብት የለም።

ታላቅየው፦ እ? እጄ ለምዶበት ነው።

ታናሽየው፦ [የእጅ መስታወት አንስቶ ያያል] ይሄ ሰማያዊ ነጠብጣብ ምንድነው?

ታላቅየው፦ የት? አሃ። እሱማ... የካርቦን ወረቀቱ ቀለም ተርፎባት ነው። እንቁላሉ ሁሉንም አልወሰደውም ማለት ነው።

ታናሽየው፦ ቅርፁስ?

ታላቅየው፦ [አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል] የኮት እጅጌ ነው። የግራ። ሳላስበው ጥሩ አድርጌ ነድፌዋለሁ።

ታናሽየው፦ እጅጌ ራሴ ላይ ተሸክሜ ሥራ ልገባ ነው?

ታላቅየው፦ ለብቻው ካልደላህ የቀኙን ልጨምርልህ?

ታናሽየው፦ እማዬ እስካሁን ባሌ ነው የምትለኝ። አሁን ደግሞ ኮቱ መጣ ልትል ነው!

ታላቅየው፦ ይሄ ገና ንድፉ ነው። የተኛው አልነቃም። አሁን ጫን ልበል። ጥርስህን ንከስ።

ታናሽየው፦ ጋሼ፣ እስኪ ነገ...

ታላቅየው፦ ነገማ ፀጉር ታበጥራለህ! [ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይስባል]

ታናሽየው፦ ኧረረረ! እማዬ! እማዬዬዬ! ድረሽልኝ!

[መስታወቱ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ከጓዳው የአሮጊት ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ በደንብ አይለይም። ሁለቱም ደርቀው ይቀራሉ።]

ታናሽየው፦ [በሹክሹክታ] ሰማህ?

ታላቅየው፦ አልሰማሁም። እዚህ ጆሮዬ ሥር ጮኸህ ማን ይሰማል?

ታናሽየው፦ «ጨጓሬ» አለች!

ታላቅየው፦ «ጨረሳችሁ?» ነው ያለችው።

ታናሽየው፦ «ጨጓሬ» ነው! «ማነው የነካብኝ?» ብላ ጨመረች! ጋሼ፣ ጠራችኝ!

ታላቅየው፦ ይኸው! ይኸው! ምን አልኩህ? ገና አንድ ጊዜ ሳስኬዳት! [የታናሹ ራስ ላይ አጎንብሶ ይመረምራል] በቅሏል እንዴ?

[ታናሽየው ተነስቶ ወደ ጓዳው በር ይሄዳል። በሩ ገርበብ ይላል። አንዲት ቀጭን እጅ ትወጣለች፤ ታናሽየውን ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። በሩ ይዘጋል። መቀርቀሪያው ይሰማል። ታላቅየው ጎማዋን እንደያዘ ብቻውን ይቀራል።]

ታላቅየው፦ [በሩን እያንኳኳ] እማዬ? እኔንም አስገቢኝ እንጂ! አንተ፣ ምን አለች?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ራሴን እያሸችልኝ ነው!

ታላቅየው፦ ፀጉሩን አየችው በላ! ፀጉሩን አይታ ነው የለየችህ!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] የምን ፀጉር? መላጣዬን ነው እኮ የምታሸኝ። በጩኸቴ ነው የለየችኝ። «አንተ ፈሪ፣ ጩኸትህ ከሩቅ ይታወቃል» አለችኝ።

ታላቅየው፦ [ጎማዋን ያያል] በጩኸት... እንግዲህ እሱም ቢሆን የኔ ሥራ ውጤት ነው። በሩን ክፈት፣ ልግባ።

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] አይከፈትም።

ታላቅየው፦ ለምን?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] «ያ መርፌ ወጊ እስኪሄድ አልከፍትም» ብላለች።

ታላቅየው፦ የቱ መርፌ ወጊ?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አንተን ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።

ታላቅየው፦ እኔን? ልጇ ነኝ በላታ! ሁልጊዜ ተነስታ ነው እኮ የምትቀበለኝ!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ነገርኳት። «ነጭ ጋዎን ለባሽ ሲመጣ ካልተነሱለት ሁለቴ ይወጋል» አለች።

ታላቅየው፦ «ጌታዬ» ያለችኝስ?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] እንዳትወጋኝ ብላ ነው።

[ታላቅየው ጋዎኑን ቁልቁል ያያል። አንድ ቁልፍ ይፈታል፤ መልሶ ይቆልፈዋል።]

ታላቅየው፦ ክትባት አይደለም የመጣሁት በላት።

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] «ጨጓሬ ተከትቧል፤ የግድ ልወጋ ካሉ ታላቁን ይውጉት፤ እሱ አይፈራም» በላቸው ብላኛለች።

ታላቅየው፦ ታላቁ እኔ ነኝ!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ታላቁ ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ሲመጣ እልክልዎታለሁ ብላለች።

ታላቅየው፦ [በሩን በመዳፉ ይመታል] ልካኝ ነበር እኮ! ሁለት ጊዜ ነው የተወጋሁት! ከጤና ቢሮ ሲመጡ አንተን አልጋ ሥር ሸጉጣ እኔን አቀረበችኝ፤ አንዴ በራሴ ስም፣ አንዴ ባንተ ስም! «አይዞህ፣ አንተ አንበሳ ነህ» ብላ! [እጅጌውን ይሰበስባል፤ የሚያየው የለም] ይኸው ሁለቱም ጠባሳ! አንዱ ያንተ ነው!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] እኔ አልተከተብኩም ማለት ነው?

ታላቅየው፦ አልተከተብክም!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ፀጉሬ የረገፈው ለዚህ ነው?

ታላቅየው፦ እሱን... [ይቆማል] አላውቅም።

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ምን አልክ?

ታላቅየው፦ አላውቅም አልኩህ!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ጋሼ፣ አሞሃል?

ታላቅየው፦ ስማኝ። አንተን በጩኸት ከለየችህ እኔንም በጩኸት ትለየኛለች። እናት ናት። ጆሮዋን ወደ በሩ አድርግልኝ።

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] አደረግኩ። ምን ልታደርግ ነው?

[ታላቅየው በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ጎማዋን ወደዚያ ወደሚኮራበት ፀጉሩ ውስጥ ያስገባል። ዓይኑን ጨፍኖ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ይስባል።]

ታላቅየው፦ ኡኡኡይ! እማዬ! እማዬ፣ ድረሽልኝ!

[ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነብላል።]

ታላቅየው፦ ሰማች?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ሰማች።

ታላቅየው፦ እና? ምን አለች?

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ይቅርብህ፣ ጋሼ።

ታላቅየው፦ ንገረኝ!

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] «ሰውዬው ልጄ ነኝ ብሎ ሊያታልለኝ ነው፤ የኔ ታላቁ ቢሆን አይጮህም» አለች።

[ታላቅየው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውልቆ አጥፎ ጥርሱ መሀል ይነክሰዋል፤ ጎማዋን እንደገና አናቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቀስ ብሎ ይስባል። ምንም ድምፅ የለም።]

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ጋሼ? ሄድክ እንዴ?

[ታላቅየው መሳቡን ይቀጥላል።]

ታናሽየው፦ [ከውስጥ] ጋሼ! ምን እየሆንክ ነው?

ታላቅየው፦ [ሜትሩን ከአፉ አውጥቶ] እየተወጋሁ ነው። ዝም ብዬ። ንገራት።